ትራምፕ እኛንና ግብፅን አስታርቆን ጨርሷል ወይስ ገና ሊያስታርቀን ነው?

ቃሪያ (አዲስ አበባ)፦

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሳችሁ እናንተ በየሀገሩ የተበተናችሁ ጉዶች። እኔ ጃንሜዳ ሄጄ ተረጭቼ መጥቼ ካልሲዬን ሳላወልቅ ዜና ስከፍት ምን አነበብኩ መሰላችሁ፣ ትራምፕ ለግብፁ ፕሬዝዳንት ለሲሲ ደብዳቤ ጽፎለታል፣ የአባይን ውሃ ጉዳይ አንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ለመፍታት በግብፅና በኢትዮጵያ መሀል የአሜሪካን ሽምግልና እንደገና ለመጀመር ዝግጁ ነኝ ብሎ።

ቆይ ቆይ ቆይ። ይሄ ሰውዬ አይደል እንዴ አስታርቄያቸዋለሁ ሲል የከረመው? በፈረንጅ 2025 ሰኔ ላይ በራሱ መድረክ በትሩዝ ሶሻል "በግብፅና በኢትዮጵያ መሀል ሰላም ስላስጠበቅኩ ኖቤል አይሰጡኝም" ብሎ አለቃቀሰ፣ መስከረም ላይ ደሞ ተመድ ሄዶ፣ ያው ኤስካሌተሩ ቀጥ ያለበትና የንግግር ማሳያው እምቢ ያለበት ቀን፣ ሰባት ጦርነት አቁሜያለሁ ብሎ ሲዘረዝር ከእስራኤልና ከኢራን ቀጥሎ እኛንና ግብፅን ጠራን። እኔ በበኩሌ ጦርነት ላይ እንደነበርን ያወቅኩት ሲያልቅ ነው። እሺ ይሁን፣ ታረቁ ካሉን ታረቅን ብለን ዝም አልን። ታዲያ አሁን የታረቀን ሰው ምን ብለው ነው ሚያደራድሩት? ካልታረቅን ደሞ ሰባቱ ስድስት ሊሆን ነው ማለት ነው?

ሁለተኛ፣ የህዳሴ ግድቡን "በሞኝነት ፋይናንስ ያደረገችው አሜሪካ ናት" ሚለውን ከየት ነው ያመጣው? እኔ ማስታውሰው የአንድ ወር ደሞዜ ተቆራርጦ ዓመቱን ሙሉ ሲሄድ፣ 8100 ላይ ኤ ብላችሁ ላኩ ሲባል፣ የግድቡ መዋጮ ማሰባሰቢያ ዋንጫ ሰፈር መጥቶ በእልልታ ስንቀበለው ነው። ቦንድ ለመግዛት ተሰልፌ ከፊቴ አንድም የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሰራተኛ አላየሁም። ያየ ካለ ይመስክር።

ፕሮፍ አንተን ነው ምጠይቀው፣ ግን አጠር አርገው፣ ባለፈው ስለ ሱዳን ጠይቄህ ከፈርኦን ነው የጀመርክልኝ።

---

ዲሲ ታክሲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ፕሮፍ ሳይጀምር እኔ ልግባ፣ እሱ ከጀመረ ሺፍቴ ያልቃል።

ቃሪያ ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ ከኔ በላይ የሚመለከተው ሰው የለም። በ2011 በፈረንጅ ግድቡ የተጀመረ ሰሞን እዚህ ዲሲ አካባቢ የቦንድ ሽያጭ ነበር፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ባንዲራ፣ ክራር፣ ክትፎ፣ እኔም ሞቅ ብሎኝ ገዛሁ። ተቃዋሚዎቹ ደሞ በር ላይ ቆመው ይሰድቡናል፣ ስትገባ ባንዳ ስትወጣ ሆዳም ትባላለህ። ዛሬ ግማሾቹ ሰዳቢዎች ፕሮፋይላቸው ላይ ግድቡን ለጥፈዋል ግን እሱን እንተወው።

እና ከዛ ምን ሆነ? በ2016 የአሜሪካ የአክሲዮንና ቦንድ ገበያ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት መጥቶ ይሄ ቦንድ እኛ ጋ ሳይመዘገብ ነው የተሸጠው አለ። ከ3,100 በላይ አሜሪካ የሚኖር ሰው ገዝቶ ነበር፣ የተሰበሰበው ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ የኢትዮጵያ መብራት ከነወለዱ ወደ 6.5 ሚሊዮን ሊመልስ ተስማማ። ገባችሁ ነገሩ? አሜሪካ ለግድቡ መክፈሏ ቀርቶ እኛ የከፈልነውን ነው ያስመለሰችው! ህጉ ህግ ነው አልከራከርም፣ ሳይመዘገብ መሸጡም ትክክል አልነበረም፣ ግን በአንድ እጅህ ገንዘቡ ይመለስ ብለህ ፈርመህ በሌላ እጅህ እኔ ነኝ የሰራሁት ስትል ትንሽ አታፍርም? ከዚህ በላይ ድርቅና ምን አለ።

ባለፈው ደሞ አንድ ሰውዬ ከኤርፖርት ጭኜ ከየት ነህ አለኝ፣ ኢትዮጵያ አልኩት፣ "ኦ! ፕሬዝዳንታችን ከግብፅ ጋር ያስታረቃችሁ!" አይለኝም? አዎ ጌታዬ አልኩት፣ ቁስሉ ገና አልሻረም። አምስት ኮከብ ሰጠኝ ከነቲፑ። ስለዚህ እኔ እስካሁን ከዚህ ጦርነት የተጠቀምኩ ብቸኛው ኢትዮጵያዊ ነኝ።

---

ፕሮፍ (ባህር ዳር)፦

ቃሪያ አጥርልኝ ያልከውን ሰምቻለሁ፣ ፈርኦንን ትቼ ከ1868 ዓ.ም እጀምራለሁ፣ ይሄ ትልቅ ቅናሽ ነው።

ጦርነት ነበር ወይ ላልከው፣ ነበር። የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል የአባይን ምንጭ ሁሉ ልጠቅልል ብሎ ተነሳ፣ በዛ ዓመት ህዳር ላይ ጉንደት አንድ ጦር ላከ፣ አዛዡ አሬንድሩፕ የሚባል ዴንማርካዊ ነው (አዎ፣ ያቺ ትራምፕ ግሪንላንድን ስጡኝ እያለ እንቅልፍ ያሳጣት ዴንማርክ)፣ እሱም ጦሩም እዛው ቀሩ። ተናደደና ከዛ የሚበልጥ ጦር ደገመ፣ ጉራዕ ላይ አፄ ዮሐንስ እነ አሉላን ይዘው ጠበቁት። ከዛ በኋላ ግብፅ በጦር አልመጣችም። ስለዚህ በኢትዮጵያና በግብፅ መሀል የነበረውን ጦርነት ያቆመ ሰው ኖቤል ይገባዋል ከተባለ ተሸላሚው አፄ ዮሐንስ ናቸው፣ ችግሩ ሽልማቱ የተጀመረው ከሞቱ ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ስሙኝ፣ ዋናው እዚህ ጋ ነው። ጉራዕ ላይ አሜሪካኖች ነበሩ። ቀልድ አይደለም። እስማኤል ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖችን በደሞዝ ቀጥሮ ነበር፣ ከነሱ አንዱ ሎሪንግ የሚባል ለደቡቦቹ የተዋጋ ጄኔራል ነው፣ አንድ ክንዱን ሜክሲኮ ጦርነት ላይ ያጣ፣ ለግብፁ አዛዥ ለራቲብ ፓሻ ኤታማዦር ሆኖ ጉራዕ ድረስ መጣ። የሀገሩንም ጦርነት ተሸንፎ፣ የኛንም ተሸንፎ ገባ። ስለዚህ "አሜሪካ በኢትዮጵያና በግብፅ ጦርነት ውስጥ ሚና ነበራት" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትሳቁበት፣ ነበራት፣ የተሸናፊው ወገን ሚና።

ሁለተኛው ጥያቄህ ደሞ የባሰ ያስቃል። አሜሪካ አባይ ላይ ለሚሰራ ግድብ እከፍላለሁ ብላ ቃል የገባችበት ጊዜ በእርግጥ አለ፣ ግን ለኛ አይደለም፣ ለግብፅ ነው! የአስዋን ግድብን። ከእንግሊዝና ከዓለም ባንክ ጋር ሆና ልትከፍል ነበር፣ ከዛ በ1956 በፈረንጅ ሐምሌ ላይ የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዱለስ የግብፁ ፕሬዝዳንት ናስር ላይ ኩርፊያ ያዘውና ትቼዋለሁ አለ። በሳምንቱ ናስር የስዊዝን ቦይ ወረሰው፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ ግድቡን በመጨረሻ በሶቪየት ገንዘብና መሀንዲስ ሰሩት። አሜሪካ ደሞ በእልህ ይሁን በፍቅር በዛው ሰሞን ባለሙያዎቿን ወደኛ ላከች፣ በጃንሆይ ጊዜ ማለት ነው፣ እስከ 1964 በፈረንጅ ድረስ የአባይን ሸለቆ አስጠንታ እዚህ ጋ እዚህ ጋ ግድብ ይወጣል ብላ ምልክት አደረገች፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ ያለውንም ቦታ ጨምሮ። እውነቱን ለመናገር ምስጋና ይገባቸዋል፣ ጥሩ ጥናት ነው። ግን መሬቱን የለካልህ ቀያሽ ከ60 ዓመት በኋላ መጥቶ ቤቱን የሰራሁልህ እኔ ነኝ ቢልህ በሩን ትከፍትለታለህ?

ግንባታው መጋቢት 24 2003 ዓ.ም ሲጀመር ዓለም ባንክም ሌላውም ግብፅ ካልተስማማች አንነካውም አሉ። ከዛ በኋላ ያለውን ቃሪያ ራስህ ተናግረኸዋል፣ የመንግስት ባንክና የህዝብ ኪስ፣ ለመብራት መስመሩ ደሞ የቻይና ብድር። አሜሪካ የትም ወረቀት ላይ የለችም።

---

ሽሮ በዱባይ፦

ኪኪኪኪ ፕሮፍ ቀያሹ ገደለኝ።

እኔ ከጠላት ካምፕ ልመስክር። ቢሮ ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ግብፃዊ ነው፣ የመንሱራ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ግድቡ ተጨቃጭቀናል፣ እሱ 1959 ይላል (ግብፅና ሱዳን ውሃውን የተካፈሉበት ውል፣ በፈረንጅ) እኔ 86 በመቶ እላለሁ (ከኛ የሚሄድላቸው ውሃ)፣ እሱ ታሪካዊ መብት ይላል እኔ ዝናቡ የሚዘንበው እኛ ጋ ነው እላለሁ፣ ሙሌት በተጀመረ ቁጥር ጠዋት ሰላም አንባባልም ነበር፣ አለቃችን ህንዳዊት ናት አንዴ ሁለታችንንም ጠርታ ይሄ ወንዝ የት ነው ያለው ብላ ካርታ አስከፈተችን።

እና የመስከረሙ የተመድ ንግግር ቀን ሁለታችንም ስልካችን ላይ እያየን "ግብፅና ኢትዮጵያ" ሲል እኩል ቀና አልን። እሱ "ጦርነት? መቼ?" አለኝ። እኔም "እኔንጃ፣ አንተ ጋ የተተኮሰ ነገር አለ?" አልኩት። ወላሂ የለም አለ። ከዛ መሳቅ ጀመርን፣ ማቆም አቃተን፣ አለቃችን ወጥታ አየችን። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአባይ ጉዳይ የተስማማነው ያን ቀን ነው። ስለዚህ ቃሪያ ለጥያቄህ የኔ መልስ፣ ሰውዬው ከምር አስታርቆናል፣ እሱ ባሰበው መንገድ ባይሆንም።

ደሞ እኛ ብቻ አይደለንም፣ የአርመንና የአዘርባጃንን ስምምነት አዘርባጃንና አልባኒያ እያለ ሲጠራው ሰምታችሁ የለ። ከዛ ኮፐንሃገን ላይ የአውሮፓ መሪዎች ሲሰበሰቡ የአልባኒያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤዲ ራማ፣ ያ ረጅሙ ሰውዬ፣ የአዘርባጃኑን አሊየቭን አጠገቡ ይዞ ማክሮንን "ይቅርታ ልትጠይቀን ይገባል፣ ትራምፕ በአልባኒያና በአዘርባጃን መሀል ላሰፈነው ሰላም እንኳን ደስ ያላችሁ አላላችሁንም" ብሎ ቀለደበት። የኛ ሰዎች ይሄንን ነበር መልመድ ያለባቸው፣ እኛ ግን ወዲያው መግለጫ፣ "በጽኑ እናወግዛለን"፣ ኮስተር። ትንሽ ፈታ በሉ በናታችሁ።

---

ወይዘሮ ለምን (አዋሳ)፦

ሁላችሁም ስትስቁ አይቻለሁ፣ አሁን ጸጥ በሉና የትልቅ ሰው ሀሳብ ስሙ።

እናንተ የምታስታውሱት የዛሬውን ትራምፕ ነው፣ እኔ የ2020ውን አልረሳሁም። ያኔ የግምጃ ቤት ሚኒስትሩን ምኑችንን አስቀምጦ፣ ዓለም ባንክን ታዛቢ አድርጎ፣ ከ2019 ህዳር ጀምሮ ዋሽንግተን ላይ ሲያደራድሩን ከርመው የካቲት ላይ ፈርሙ ተባልን፣ የኛዎቹ አንሄድም ብለው ቀሩ፣ ግብፅ ብቻዋን ፈረመች። ግምጃ ቤቱ ደሞ ያለ ስምምነት ውሃ እንዳትሞሉ የሚል መግለጫ አወጣ። እኛ ክረምት ላይ ሞላን። ከዛ እርዳታ ታገደ። ከዛ ጥቅምት ላይ ከሱዳኑ ሐምዶክና ከኔታንያሁ ጋር ስልክ ላይ ሆኖ፣ ጋዜጠኛ በተሰበሰበበት፣ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች አለ። አፉን ሞልቶ! አምባሳደሩ ተጠርቶ ምን ማለታችሁ ነው ተባለ። እኔ ያን ማታ የእውነት ነው የፈራሁት፣ እናንተም ፈርታችኋል አትዋሹ፣ ዲሲ ታክሲ ደውለህልኛል።

አሁን እስኪ አወዳድሩ። ያኔ "ያፈነዱታል"፣ አሁን "አስታረቅኳቸው"። ለኔ ይሄ ትልቅ እድገት ነው። ሰላም ያሰፈንኩት እኔ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው ሰላሙ እንዲፈርስ አይፈልግም፣ ዝርዝሩ ላይ አንድ ይጎድልበታላ። ስለዚህ ለምንድነው ምናርመው? ለምን ውሸት ነው እንላለን? አዎ ጌታዬ፣ ልክ ነዎት፣ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ አሁን እንተላለቅ ነበር፣ በነካ እጅዎ የቪዛ ነገር አንድ ይበሉን፣ አለቀ። ዲሲ ታክሲ ለቲፕ ያደረገውን ሀገሪቱ ለሌላ ነገር ማድረግ ለምን ያቅታታል? ራሷ የቬንዝዌላዋ ተቃዋሚ ማቻዶ እንኳን የኖቤል ሜዳሊያዋን ይዛ ዋይት ሀውስ ሄዳ ሰጠችው አይደል።

---

ቃሪያ፦

ወይዘሮ ለምን አንቺ ፓርላማ ነበር መግባት የነበረብሽ።

ግን ማቻዶ ስላልሽ፣ ሜዳሊያውን ሰጠችው፣ ኦስሎ ያሉት ደሞ ወዲያው ሜዳሊያው እጅ ሊቀይር ይችላል ተሸላሚነቱ ግን አይተላለፍም አሉ። ስለዚህ አሁን ሰውዬው ያለው አንድ የሰው ሜዳሊያና አንድ የፊፋ የሰላም ሽልማት ነው። የፊፋ! የፊፋው አለቃ ኢንፋንቲኖ የዓለም ዋንጫ እጣ ማውጫ ላይ ጠርቶ ሰጠው፣ ሜዳሊያውን ራሱ አንስቶ አንገቱ ላይ አጠለቀው፣ ከዛ በፊት እንዲህ የሚባል ሽልማት አልነበረም፣ ለሱ ብለው ነው የወለዱት። በጥምቀት ቀን ደሞ ምን ወጣ፣ ለኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የላከው መልእክት፣ ስምንት ጦርነት ከነምናምኑ አቁሜ ኖቤል ስላልሰጣችሁኝ ከዚህ በኋላ ስለ ሰላም ብቻ የማሰብ ግዴታ የለብኝም፣ ግሪንላንድን ስጡኝ አይነት ነገር። ሽልማቱን የሚሰጠው የኖርዌይ መንግስት አይደለም፣ ግሪንላንድም የኖርዌይ አይደለችም፣ በአንድ ደብዳቤ ሁለት ሰፈር ስቷል።

አስተውላችሁ ከሆነ ደሞ የኖቤሉ ቂም ከኛም ጋር የቆየ ነው። በ2020 ጥር ቶሊዶ ኦሃዮ ደጋፊዎቹ ፊት ቆሞ "ስምምነት አደረግኩ፣ ሀገር አዳንኩ፣ ከዛ የሀገሪቱ መሪ ኖቤል ተሸለመ ሲሉ ሰማሁ፣ እኔስ የለሁበትም እንዴ" ያለው። የኛው ሰውዬ የተሸለመው ከኤርትራ ጋር ስለታረቀ ነው፣ ትራምፕ ደሞ የግብፁን ነገር እያሰበ ይመስላል። እና ሽልማቱ ዓመት ሳይደፍን እዚህ ምን እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ እዛ ውስጥ አልገባም፣ የሞተው ሰው ብዛት ለቀልድ አይሆንም። ግን ኖቤሉን ሲጠይቅ ያኔ ሰጥተነው ቢሆን ኖሮ ሁላችንም አሁን እናርፍ ነበር።

ደብዳቤውን ደሞ እስከታች አነበብኩት። ኢትዮጵያ ብዙ መብራት ታመነጫለች፣ ከሱ ለግብፅና ለሱዳን ሊሰጥ ወይም ሊሸጥ ይችላል ይላል። ሊሰጥ! እኔ ይሄን የምጽፍላችሁ መብራት ጠፍቶ በ19 ፐርሰንት ባትሪ ነው። መጀመሪያ ለኔ የሚያስታርቀኝ አምጡልኝ፣ ጦርነቱ ያለው በኔና በቆጣሪዬ መሀል ነው።

---

ፕሮፍ፦

ወይዘሮ ለምን ክርክርሽ ቆንጆ ነው ግን አንድ ቦታ ይፈስሳል። ሰውዬው በነጻ አይደለም ሰላም አሰፈንኩ ሚለው። ቃላቶቹን ልብ ብለሽ እያቸው። የሰኔው ጽሁፍ ላይ ግድቡ ወደ አባይ የሚሄደውን ውሃ በጣም ይቀንሳል ብሎ አስቀድሞ ፈርዷል። ሐምሌ ላይ ከኔቶው ሩተ ጋር ተቀምጦ ደግሞ ደጋገመው። አሁን ደብዳቤውን የጻፈው ለማነው? ለሲሲ። ግልባጭ ምናምን ይኖራል ግን በስሙ የተጻፈለት አንዱ ወገን ነው። ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የማን ቤት ቡና እንደጠጣ ይታያል አይደል።

ለምን ይሄን እንዳነሳሁ ልንገርሽ። ሙሌቱ አልቋል፣ ከ2020 እስከ 2024 በየክረምቱ ሞልተን ጨርሰናል፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፣ ጳጉሜን 4 2017 ዓ.ም ተመርቋል፣ ግብፅም አልደረቀችም። ስለዚህ "አትሙሉ" የሚለው ድርድር ሞቷል። የቀረው ጥያቄ ሁለት ነው፣ ድርቅ ሲመጣ ስንት እንልቀቅ የሚለውና ከአሁን በኋላ አባይ ላይ ሌላ ነገር መስራት እንችላለን ወይ የሚለው። ሁለተኛው ነው ትልቁ። በ1959 ግብፅና ሱዳን ተቀምጠው ለግብፅ 55.5 ለሱዳን 18.5 ብለው ሲካፈሉ ለኛ የደረሰን ዜሮ ነው፣ አልተጠራንም እንኳን። "አንዴና ለመጨረሻ ጊዜ" የሚባል ወረቀት ላይ ያ ቁጥር ተጠቅልሎ እንዳይገባ ነው የኔ ፍርሃት። አንቺ ሰውዬውን እናወድሰውና ዝም ይበል ትያለሽ፣ እኔ ምልሽ ያወደስሽው ቀን ፈርሚ ይልሻል ነው።

ለግብፆቹም እንዲሁ አይመቻቸውም ባይ ነኝ። ተንታኞቻቸው ቲቪ ላይ ሲደሰቱ አያለሁ ግን ይሄ ሰውዬ ዛሬ ወዳጄ ያለውን ነገ ምን እንደሚለው ዜለንስኪን ጠይቁ።

---

ዲሲ ታክሲ፦

ፕሮፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንተ ጋር ተስማማሁ፣ ጉንፋን ይዞኝ ይሆናል።

ወይዘሮ ለምን አንቺ ደሞ የቪዛ ነገር ይበሉን ያልሽው፣ እናቴ ዜና አትሰሚም እንዴ? በፈረንጅ 2025 ታህሳስ ላይ እኮ የኢትዮጵያውያንን ቲፒኤስ (ለጊዜው አሜሪካ የመቆያ ከለላ) እንሰርዛለን ብለው አስታወቁ፣ ሀገራችሁ ሁኔታው ተሻሽሏል ብለው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። እዚህ ሰው እንቅልፍ አጥቷል፣ ቤት የከፈተ፣ ልጅ የወለደ፣ ሁሉም ጠበቃ ጋ ነው። ስለዚህ ውዳሴውን ስንጀምር "አዎ ጌታዬ ሰላም አስፍነውልናል" ስንላቸው "እንግዲያው ሰላም ከሆነ ሻንጣችሁን ያዙ" ነው የሚሉን። ያንቺ ስትራቴጂ መጀመሪያ የሚመታው እኛን ነው።

የቦንዱን ነገር ግን አልጨረስኩም። የኔ የዶላር ነው፣ እዚያ ጋ ያለውን የወንድሜን ነው ማስበው፣ እሱ በብር ገዛ፣ ያኔ ዶላር 17 ብር አካባቢ ነበር። በፈረንጅ 2024 ሐምሌ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ150 በላይ ገብቷል። ወለዱን ጨምረህ ደምረህ ቀንሰህ ስታየው ግድቡን በሞኝነት ፋይናንስ ያደረገው ወንድሜ ነው። ብነግረው ይቆጣል፣ "እኔ ያወጣሁት ለትርፍ አይደለም" ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ባሁኑ ሰአት የገዛውን የሚያህል ኩራት በዶላር አይገኝም። ግን አፉ እንዲህ ቢልም ወረቀቱን ከኮሞዲኖ ውስጥ እያወጣ ያያታል።

---

ወይዘሮ ለምን፦

የቲፒኤሱን ነገር አውቃለሁ፣ የእህቴ ልጅ አንዷ ናት፣ እሱን ለቀልድ አላነሳሁትም። ግን አሁንም ከአቋሜ አልወርድም። ፕሮፍ አንተ ፈርሚ ይልሻል አልክ፣ ይበላ! በ2020ም ብሏል፣ አልሄድንም፣ ምን ሆንን? ግድቡ አለ። ማወደስና መፈረም ለየቅል ናቸው፣ እኛ ደሞ እሺ እሺ ብሎ በልብ እምቢ ማለትን ማንም አያስተምረንም፣ ሰም ለበስ ሀገር ነን። "በጣም ደስ ይለናል፣ እንመካከርበትና እናሳውቃለን" ብሎ ሶስት ዓመት መቀመጥ ነው። ሰውዬው የሚቆየው እስከ 2029 ጥር ነው፣ የኛ ቢሮ አንድ ማህተም ለመምታት ከዛ በላይ ይፈጅበታል። በዚህ ነገር ዓለም ላይ የሚወዳደረን የለም፣ አንዴ እንኳን ጉድለታችን ይጥቀመን።

ሽሮ፣ እስኪ ያን የመንሱራውን ልጅ ጠይቂልን፣ እነሱ ጋ ይሄ ደብዳቤ እንዴት ነው የታየው? ከዛ ማዶ የሚወራውን እንስማ እንጂ ርስ በርሳችን ብቻ እየተጨባበጥን።

---

ሽሮ በዱባይ፦

ጠየቅኩት፣ አሁን ምሳ ላይ።

መጀመሪያ ቤት ያሉት ሰዎች ደስ ብሏቸዋል አለ፣ እናቱ በስልክ "አየህ ሊፈታልን ነው" ብላዋለች። እሱ ግን ብዙም አልሞቀውም። አንዴ በቲቪ ከተዋረድን በኋላ እንዲህ አይነት ነገር ስሰማ እሳቀቃለሁ አለኝ፣ ማለቱ የፈረንጁን 2013 ነው፣ የፕሬዝዳንታቸው የሙርሲ ጊዜ ፖለቲከኞቻቸው ስለ ግድቡ ሚስጥር ብለው ተሰብስበው፣ አማፂ እንርዳ ወሬ እንንዛ ምናምን እያሉ ሲዶልቱ ለካ ላይቭ እየተላለፉ ነው! ማንም አልነገራቸውም። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበር፣ ዶርም ውስጥ ሁሉም ጭንቅላቱን ይዞ አየ አለኝ። እኔም አስታውሰዋለሁ፣ እኛ ሰፈር ቪዲዮውን በስልክ እየተቀባበልን ነው ያየነው።

ከዛ ወይዘሮ ለምን የጠየቅሽውን በቀጥታ ጠየቅኩት፣ ደብዳቤው ምን ይጠቅማችኋል አልኩት። ሹካውን አስቀምጦ አሰበና ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "እናንተ ቢያንስ ግድብ አላችሁ። እኛ የደረሰን ደብዳቤ ነው።"

አዘንኩለት ከምር። ቡና ጋበዝኩት፣ ከአዲስ የተላከልኝን ጥሩውን ይርጋጨፌ አፍልቼ ሰጠሁት፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ወተት ጨመረበት። ወተት! ከላዩ ላይ ደሞ አራት ስኳር። ለዚህኛው ሽማግሌ ላኩልኝ።